የእትዬ ሰዓዳ ሙቀጫ

እትዬ ሰዓዳ መሞታቸውን የሰማሁት የአንዲት ደንበኛዬን ተረከዝ እያሸሁ ነው። የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ረውዳ ናት። በሳሎኔ በር አንገቷን አስግጋ፣ «ዘሃራ፣ አክስቴ አረፉ፤ ከዙህር ሰላት በኋላ ይቀበራሉ» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች። ደንበኛዬ፣ «የትኛዋ ሰዓዳ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተረከዟን ማሸቴን ቀጠልኩ። ትንሽ አሰበችና ራሷ መለሰችው። «እ፣ ባለበርበሬዋ ናቸው! አላህ ይዘንላቸው።»

እጄ ላይ የነበረው የገብስና የማር ቅልቅል የእሳቸው ነው። አወቃቀጡን፣ አነፋፉን፣ ጣቶቼ ቆዳ ላይ የሚዞሩበትን መንገድ ሳይቀር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ባለበርበሬዋ» የተባሉት ግን በኔ ምክንያት ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ያን ቀን እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሐዘኑ ቀድሞ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ ግን እንደዚያ ነበርኩ።

የተዋወቅነው በእጄ ሰበብ ነው። ከአረብ አገር ስመለስ ሁለት ሻንጣና ሁለት የተበላሹ እጆች ይዤ መጣሁ። ስድስት ዓመት በረኪና ውስጥ የኖረ እጅ ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጣቶቼ በየመገጣጠሚያቸው ተሰነጣጥቀው ነበር። መዳፌ ከመሻከሩ የተነሳ ስስ ሻሽ ስነካ ክሩን ይመዝዘዋል። ኅዳር ላይ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ስንጥቁ ይደማል። ስለዚህ ሰው ሰላም ሲለኝ እጁ እንደረጠበ ሰው ክንዴን መስጠት ለመድኩ።

እትዬ ሰዓዳ ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴን ሊጠይቁ ሲመጡ ለእሳቸውም ክንዴን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም።

«እጅሽ ረጥቧል እንዴ?»

«አልረጠበም።»

«ታዲያ እጅሽን ስጭኛ። ክንድሽን ምን ላድርገው?»

ሰጠኋቸው። ገለበጥ አድርገው አዩት። አልደነገጡም፤ እንደ ሌላው ሰው «አይ ምስኪን» አላሉኝም። «ነገ ከአሱር ሰላት በኋላ ቤት ነይ» ብለው ከእናቴ ጋር ወደ ጀመሩት ጨዋታ ተመለሱ።

ስልሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ሲስቁ ግን ግቢው ይሰማል። እጃቸው እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነበር። አርባ ዓመት ሙሽራ ሲያሰናዱ የኖሩ ናቸው። ሰርጓ የደረሰ ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ ገላዋን አሽተው፣ ደረቁን ቆዳ አንስተው፣ ሒናዋን እንድትሞቅ አለስልሰው ያስረክባሉ። የዛሬ ልጆች ስክራብ የሚሉትን እሳቸው «ማሻ» ይሉታል፤ ሌላ ስም አልነበረውም።

ገብሱን የሚያስመጡት ከአምባሰል፣ ከእህታቸው ዘንድ ነው፤ ማሩም ከዚያው ይመጣል። ገብሱን ለወጉ ያህል ያምሱታል፤ ሽታው እስኪመጣ እንጂ መልኩ እስኪለወጥ አይደለም። ሸክሽከው ገለባውን ካነፈሱ በኋላ ይወቅጡታል። ልኩን የሚያውቁት በጣታቸው ነው፤ ከዱቄት ሻከር፣ ከቅንጬ ላም ማለት አለበት። ከዚያ ሁለት ጊዜ ይነፉታል። በወንፊቱ ትልልቁ ይቀራል፣ በስስ ሻሽ ደግሞ ዱቄቱ ይወጣል፤ የሚፈልጉት መሃል የቀረውን ነው። መልሰው ሙቀጫው ውስጥ ጨምረው በማርና በጥቂት የሰሊጥ ዘይት ይለውሱታል። ለተረከዝ ከሆነ ስኳር ጣል ያደርጉበታል፣ ለፊት ግን በጭራሽ።

መጀመሪያ እጄን በሙቅ ውኃ በተነከረ ፎጣ ጠቀለሉልኝ። ቀጥለው ያን ቅልቅል ቀቡኝና በጣታቸው ጫፍ ትንንሽ ክብ እየሠሩ ማሸት ጀመሩ። እኔ ለማገዝ ብዬ በሌላው እጄ ፈተግ ፈተግ ሳደርግ መታ አደረጉኝ። «ቀስ! ለምኝው እንጅ አትታገይው» አሉ። ይህን ያሉት ስለ ቆዳው ነው። በኋላ ለሰው ሁሉ እንደዚያ እንደሚያደርጉ አየሁ። አሽተው ሲጨርሱ፣ «ሁለት ረከዓ ሰግጄ እስክነሳ እንዳትታጠቢ» ብለው ምንጣፋቸውን ዘረጉ። ሰዓት አይለኩም፤ ሁሉም ነገር በሰላት ነው። በወሩ ስንጥቁ ገጠመ። በሁለተኛው ወር ሰው በእጄ ሰላም አልኩ። የመዳፌ ቆዳ ግን እስከ ዛሬ ድንዙዝ ነው፤ ትኩስ ነገር ስይዝ ቶሎ አይሰማኝም። ይህን የምናገረው ኋላ ስለሚመጣ ነው።

አንድ መስከረም ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ከግሸን ተሳልመው ተመለሱ። አውቶቡሱ ከሚቆምበት ጀምሮ ተራራውን በእግራቸው ወጥተው ወርደው ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። እትዬ ሰዓዳ በርጩማ አምጥተው ከእግራቸው ሥር ተቀመጡ። ጥሩወርቅ እግራቸውን ለመሰብሰብ ታገሉ።

«ኧረ ነውር ነው ሰዓዳ! አንች እግሬ ሥር!»

«ዝም በይ። ለማርያም ሄደሽ ያመጣሽው አይደል? እኔም ከበረከቱ ይድረሰኝ እንጅ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በየዓመቱ ጥሩወርቅ ከግሸን ሲመለሱ በቀጥታ ወደዚያ ቤት ነው የሚገቡት።

ስለ ሙቀጫው ልናገር። ሁለት ሙቀጫ ነበራቸው። አንደኛው እንደማንኛውም ሰው ቤት በርበሬውም ነጭ ሽንኩርቱም የሚወቀጥበት፣ ጓዳ የሚቀመጥ ነው። ሁለተኛው ከወይራ የተሠራ ትንሽዬ ሙቀጫ ነው፤ ከእነዘነዘናው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋቸው ራስጌ ይቀመጣል። ለገላ የሚሆነው በዚህ ብቻ ነው የሚወቀጠው። «እንጨት ይጠጣል ዘሃራ» ይሉኛል፤ «በርበሬ አንድ ቀን የገባበትን ሙቀጫ ብታጥቢውም፣ ብትቀቅይውም ለሰው ገላ አይሆንም።» ሌላም ደንብ ነበራቸው። ማንኛውንም ቅልቅል ሙሽራ ከማስነካታቸው በፊት ከክርናቸው ወደ ውስጥ፣ ስሱ ቆዳ ላይ ይቀቡና ይጠብቃሉ። እኔ ይህን ጥንቃቄ እንደ ሽማግሌ አመል ነበር የማየው። የአረብ አገር ሳሎን አይቼ የመጣሁ ሴት አይደለሁ!

በዓመቱ ከመናኸሪያው በላይ ይህችን ሳሎን ከፈትኩ። እትዬ ሰዓዳ ዱዓ አደረጉልኝ። ብዙም ሳይቆይ ሐያት የምትባል ልጅ ሰርግ ደረሰ። እናቷ እትዬ ፋጡማ በከተማው ቃላቸው የሚሰማ ሴት ናቸው፤ የእሳቸው ልጅ በእጄ ካለፈች ሌላው ሙሽራ ሁሉ እንደሚከተል አውቄያለሁ። እሳቸው ግን ልጃቸውን ከሰዓዳ ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈለጉም።

በዚያው ሳምንት እህታቸው ታመው እትዬ ሰዓዳ አምባሰል መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሲሄዱ እንዲህ አሉኝ። «ሐሙስ እመለሳለሁ። ቢቸኩሉብሽ የታመሰ ገብስ ይኸው፤ ሙቀጫውን ጥሩወርቅ ቤቱን ከፍታ ትስጥሽ። በሌላ እንዳትወቅጭ። በራስሽ ላይ ሳትሞክሪም እንዳትቀቢያት።»

ሮብ ጠዋት እትዬ ፋጡማ ሰዓዳን ቢያጡ ለኔ ደወሉልኝ። ማሻው ዛሬ ካልተጀመረ ለእሑድ አይደርስም አሉ። ወደ ጥሩወርቅ ቤት ሄድኩ፤ ገበያ ወጥተዋል። ብጠብቅ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። አልጠበቅሁም። የእናቴን ሙቀጫ አወጣሁና ሦስት ጊዜ በፈላ ውኃ አጠብኩት። አሸተትኩት፣ ምንም አልሸተተኝም። በበርበሬ ቤት ያደገ አፍንጫ ምን ይለያል? ወቀጥኩ፣ ነፋሁ፣ በማር ለወስኩ። በመዳፌ ሞከርኩት። በዚያ ድንዙዝ መዳፌ።

ሙሽሪት ቤት ስደርስ እትዬ ፋጡማ ሳህኑን አይተው፣ «የማን ሥራ ነው?» አሉ። ያለምንም ማመንታት፣ «የእትዬ ሰዓዳ ነው። አዘጋጅተው ለኔ ሰጥተው ሄዱ» አልኩ። ስማቸውን እንዲህ በቀላሉ ተጠቀምኩበት። ፊታቸው ፈታ አለ።

የሐያትን ፊትና አንገት በሙቅ ፎጣ አለስልሼ ቀባሁና ማሸት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ፣ «ዘሃራ፣ ይሞቃል» አለች። «ጥሩ ነው፣ እየሠራልሽ ነው» አልኳት። ከሁሉም ይህች ቃሌ ናት የምታሳፍረኝ። ልጅቱ እኔን አምና ጥርሷን ነክሳ ቻለች። ከዚያ አልቻለችም፤ ጮኸች። ስናጥባት ፊቷ እንደ ፍም ቀልቷል፣ የዓይኗ ቆብ አብጧል። እርጎ አመጡ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አመጡ። እትዬ ፋጡማ የልጃቸውን ፊት እያራሱ፣ «ሰዓዳ ምን አርጋ ላከችብን?» አሉ። መናገር አያስፈልገኝም ነበር፤ ውሸቱን አስቀድሜ ተናግሬዋለሁ።

በማግስቱ እትዬ ሰዓዳ ከአውቶቡስ ሲወርዱ በቀጥታ ወደ ሙሽሪት ቤት ተወሰዱ። እኔም ነበርኩ። ሐያትን አዩዋት፤ ቁጭ አሉ። «የተረፈው አለ?» ብለው ጠየቁ። ሳህኑን አመጡላቸው። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከክርናቸው ወደ ውስጥ ቀብተው ጠበቁ። ክፍሉ ውስጥ አሥር የምንሆን ሴቶች ነበርን። ክንዳቸው እየቀላ ሲሄድ ሁላችንም አየን። ቀና ብለው ተመለከቱኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። አበባው አረንጓዴ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ቅጠሉን መቁጠር እችላለሁ።

«ሙቀጫዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በርበሬ ነክቶታል። አይቼ መስጠት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ።»

«አርባ ዓመት ስንቱን ሙሽራ አሰናድተሽ፣ ዛሬ በኔ ልጅ?» አሉ እትዬ ፋጡማ።

እትዬ ሰዓዳ አንገታቸውን ደፉ። ሐያት እሑድ በሻሽ ተሸፋፍና ተዳረች። በሰርጓ ፎቶ ሁሉ አንገቷን እንደደፋች ናት።

ያን ቀን ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ከጎናቸው ሄድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ አልሰደቡኝም። በራቸው ላይ ስንደርስ፣ «ለምን?» አልኳቸው።

«ዛሬ ብትናገሪ በድንጋጤ ነው የምትናገሪ» አሉኝ። «እነሱም ተቆጥተዋል፤ ሳሎንሽን በላይሽ ላይ ይዘጉታል። አንች ገና ነሽ። ሲበርድ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እስከዚያ እኔ እይዘዋለሁ። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

እስከዚያ እይዘዋለሁ አሉ። ሦስት ዓመት ያዙት።

መጀመሪያ ወሬው ይብረድ አልኩ። ቀጥዬ ሐያት አራስ ናት፣ አትደንግጥ አልኩ። በኋላ ደግሞ ይህን ያህል ቆይቼ ብናገር ለምን ዘገየሽ ይሉኛል አልኩ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም። በዚህ መሃል አንድ ሙሽራ እንኳ አልጠራቻቸውም። ገበያ ላይ ሴቶች «ባለበርበሬዋ መጡ» እያሉ ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወደ እሳቸው መሄድ የተዉት ሙሽሮች ወደኔ መጡ። ያልራቋቸው ጥሩወርቅ ብቻ ናቸው። «እኔ በርበሬም ቢሆን ከሰዓዳ እጅ ይሻለኛል» ይሉ ነበር።

እትዬ ሰዓዳ ግን ሳሎኔ መምጣት አልተዉም። በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። «እጅሽስ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ያንን ነገር አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ለመሄድ ሲነሱ ብቻ በሩ ላይ ትንሽ ይቆማሉ። የሚጠብቁትን አውቃለሁ። እኔ ያኔ የማጥፈው ፎጣ አላጣም። ቆመው ቆመው፣ «በይ እሽ፣ አላህ ይጠብቅሽ» ብለው ይወጣሉ።

በሞቱ በሦስተኛው ቀን ተዕዚያ ላይ ለቅሶ ተቀምጠናል። ረውዳ ከውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ሙቀጫ ይዛ ወጣችና እግሬ ሥር አኖረችው። «ለዘሃራ ስጧት፤ በርበሬ እንዳታስነካው ንገሯት ብለዋል» አለች።

እትዬ ፋጡማ ከፊት ለፊቴ ነበሩ። «ያ በርበሬ የገባበት ሙቀጫ ነው?» አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጬ ነው። ሟች አይሰሙም፣ የሚይዝልኝ ሰውም የለም። አፌን ከፈትኩና፣ «እሱ መሰለኝ» አልኩ።

ቤቴ ወስጄ ጨርቁን ፈታሁት። ጣቴን በምራቄ አርሼ የሙቀጫውን ውስጥ ዳሰስኩና ምላሴ ላይ አኖርኩት። ጣፋጭ ነው። አርባ ዓመት ገብስና ማር የጠጣ እንጨት። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ እስካሁን አልለየሁም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሐያት ታናሽ እህቷን ይዛ መጣች። እህቷ ልትዳር ነው። ሐያትን ከዚያ ወዲህ በቅርብ አይቻት አላውቅም፤ ፊቷ ጥርት ያለ ነው፣ ጠባሳ የለውም። እህቷን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ «ጥሩ አርገሽ ሥሪልኝ። የዚያች የባለበርበሬዋን ብቻ እንዳትቀቢያት» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ እንደ ማንኛውም ጥንቃቄ ነው የተናገረችው።

ሙቀጫው ጥግ ላይ በጨርቁ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የማጥፈውን ፎጣ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ሐያት» አልኩ፣ «በርበሬው የገባው ከእናቴ ሙቀጫ ነው። የወቀጥኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሰዓዳ አምባሰል ነበሩ፤ እጃቸው አልነካውም። የእሳቸው ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አውቀው ነው የተሸከሙልኝ።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። እጇ ወደ ጉንጯ ሄደ።

«ባለፈው ረመዷን ገበያ ላይ አገኙኝ» አለች። «'ሐያት፣ ፊትሽ ዳነልሽ ወይ?' አሉኝ። ወላሂ፣ ፊቴን አዙሬባቸው ነው የሄድኩት። ከኋላዬ ሲጠሩኝ እየሰማሁ።»

እህቷን በክንዷ ይዛ አስነሳቻት። በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝና ወጣች።

ወሬው ሳይመሽ ከተማውን አዳረሰ። እትዬ ፋጡማ ረውዳ ዘንድ ሄደው እንዳለቀሱ ሰማሁ፤ እኔን ግን አላናገሩኝም። እትዬ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «ምነው ሰዓዳ በሕይወት ሳለች?» ብቻ አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሳሎኔን ከፍቼ ባዶ ወንበር ሳይ ዋልኩ።

በአራተኛው ሳምንት ከአርዲቦ በኩል የመጣች አንዲት የገጠር ሴት ከመንገዱ ማዶ ቆማ ለሻይ ሻጯ ስትናገር ሰማሁ። ተረከዟ ተሰንጥቆ መራመድ አቅቷታል። «እግር የምታሸዋ፣ ባለበርበሬዋ የሚሏት ሴት ቤት የቱ ነው?» አለች። ሻይ ሻጯ ወደኔ አየችና አፈረች፤ እጇን አንስታ መልሳ አወረደችው።

ከወንበሬ ተነስቼ በሩ ላይ ወጣሁ።

«አቤት» አልኳት። «እኔ ነኝ።»